ሸጋ ነው የሚል ማሽን

ፈሪ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረው፤ ኋላ እንዳትታዘቡኝ። በር ሲንኳኳ የምበረግግ፣ ስልክ ያለሰዓቱ ሲጮህ መርዶ የሚመስለኝ ሰው ነኝ። አባቴ በዚህ አመሌ ሲቀልዱብኝ ኖረዋል። ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስሄድ ማኪናው ዳገት ላይ ተበላሸና፣ ጭር ያለው መንገድ አስፈርቶኝ ሳለቅስ ዓይኔ አብጦ ቤት ገባሁ። «ፈሪ ለናቱ ይባላል፤ አንቺ ግን ለአገር ትበቂያለሽ» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አሳቁብኝ። እሳቸው ፈርተው ግን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም ነበር።

አባቴ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። የወገራን ገብስና ባቄላ ኩንታል በኩንታል በትከሻቸው ማኪና ላይ ሲያወጡ፣ ከማኪና ሲያወርዱ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። የእህሉ ብናኝ ታዲያ ውለታ አላወቀም፤ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እናቴ ካረፈች በኋላ ሳሉ እየበረታባቸው፣ ከአልጋ እስከ በር መሄድ ዳገት እየሆነባቸው መጣ። አልሄድም እያሉ በግድ ጎንደር አመጣኋቸው። ሆስፒታል ያየቻቸው ሐኪም የሳንባቸውን ፎቶ አይታ ወደ ጎን ጠራችኝና፣ ከእንግዲህ ቀን ከሌት ኦክስጅን እንደሚያስፈልጋቸው፣ ከተቋረጠባቸው ብዙ እንደማይቆዩ ነገረችኝ። ብዙ ስትል ምን ያህል ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። መልሱን ፈርቼ ነው።

የምኖረው ማራኪ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ነው። ፊት ለፊት ያለችውን ፀሐይ የምታገኘዋን ክፍል ለአባቴ አደረግሁና አንድ አሮጌ የኦክስጅን ማሽን ከሰው ገዛሁ። ማሽኑ ከአየሩ ኦክስጅኑን እያጣራ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ይልካል፤ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲጠፋ እንዲጮህ የተሠራለት ደወል ነበረው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ደወሉ ሞቶ ነበር። ለመብራት መጥፊያው አንድ ሲሊንደር አልጋው ራስጌ አቆምኩ። መክፈቻው ጠንካራ ስለሆነ ለአባቴ እጅ አይሆንም፤ እኔ ሥራ ስውል ከግቢው ማዶ ያሉት አከራያችን እትዬ መጥተው እንዲከፍቱ አስተማርኳቸው።

ጭንቁ መጥራቱ ላይ ነው። አባቴ ትንፋሽ ሲያጥራቸው መጮህ አይችሉም፤ ቢችሉም ሰው ማስቸገር አይወዱም። እንዴት ዋሉ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ ሸጋ ነኝ፣ ተመስገን። ከንፈራቸው ጠቁሮም ሸጋ ናቸው። ይህ የሳቸው ብቻ አመል አይደለም፤ በኛ አገር ሊሞት የሚያጣጥር ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት እግዚአብሔርን አመስግኖ ነው የሚሞተው። እኔ ግን በዚህ ምክንያት ክፍል ውስጥ ቆሜ እያስተማርኩ ጆሮዬ ማራኪ ነበር። ጠመኔ ይዤ ጸጥ የምልበት ጊዜ ስለበዛ ተማሪዎቹ መተያየት ጀምረው ነበር።

ስለዚህ በሳቸው ፈንታ የሚጮህ ነገር መሥራት ነበረብኝ። ሥራዬ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ኮሌጅ ፕሮግራም መጻፍ ማስተማር ነው፤ እጄ ላይ ያለው ሙያ ይኸው ነው። ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚያዝ፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያነብ ዕቃ ገዛሁና ከመዳፍ ከማትበልጥ ባለባትሪና ባለሲም ካርድ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ኦክስጅኑ ከአደጋው ወሰን በታች ከወረደ ግቢው እስኪሰማ ይጮሃል፤ እኔም ስልክ ላይ ይደውላል። ካልወረደ በየሩብ ሰዓቱ አንዲት አጭር መልእክት ይልክልኛል። የመልእክቷን ቃል የመረጡት አባቴ ናቸው። ምን ልበለው ብላቸው፣ ምን ትጨነቂያለሽ፣ ሸጋ ነው በዪው አሉኝ።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት በራሴ ቋንቋ ነው። በዚያ ሰሞን ለተማሪዎቼ በአማርኛ ቃል የሚጻፍ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ እየሠራሁ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው የጻፈውን ማሽኑ እንዳለ አይውጠውም። መጀመሪያ ጥቃቅን ትእዛዞች እስኪሆን ድረስ ይፈጫል፤ እነዚህን ባይትኮድ እንላቸዋለን። ከዚያ አስተርጓሚ የምንለው ፕሮግራም ትእዛዞቹን አንድ በአንድ እያነበበ ይፈጽማል። የኔ አስተርጓሚ የሚሠራባቸውን ነገሮች ሁሉ አንዱን ባንዱ ላይ ይከምራል፤ ሲያነሣም ከላይ ነው የሚያነሣው።

አባቴ አልጋቸው ላይ ሆነው ቀኑን ሙሉ ምን ላይ እንዳፈጠጥኩ ይጠይቁኛል። ስለ ክምሩ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። ማኪና ላይ ከወጣ እህል በምን ተለየ? መጨረሻ የተጫነው መጀመሪያ ይወርዳል። እንዲያውም ለትእዛዞቹ ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ክምሩ ላይ ማስቀመጥን «ጫን» አሉት። ብዙውን ሰብስቦ አንድ ዝርዝር ማድረጉን ደግሞ «ሰብስብ»። እኔ ለነዚህ ስም ፍለጋ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ነበር የከረምኩት።

ዝርዝር የሚሠራው እንዲህ ነው። ገብስ ጫን፣ ስንዴ ጫን፣ ባቄላ ጫን፤ ከዚያ ሰብስብ ሦስት። አስተርጓሚው ከላይ ሦስቱን ይወስዳል፣ የተጫኑበትን ተራ ሳያፋልስ አንድ ላይ ያደርጋቸዋል፣ ያንን አንድ ዕቃ አድርጎ መልሶ ክምሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ሦስት የነበረው አንድ ሆነ ማለት ነው። ከነሱ ሥር ያለውን አይነካም፤ እሱ ለሌላ ሥራ የተቀመጠ ነው። እስከ የት እንደሚወስድ የምትነግረው ያቺ ቁጥር ብቻ ናት። አባቴ ይህችን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። በነሱ ሥራም ትልቁ ጥፋት የሌላውን ነጋዴ ኩንታል ማውረድ ነበር። ማኪናው የማን የማን እንደሆነ አያውቅም፤ አውራጁ ቆጠራ ከሳተ ጣጣው ገበያው እስኪፈታ አያልቅም አሉኝ።

ባዶ ዝርዝርስ? ቋንቋ የሚሠራ ሰው ይህን መጠየቁ ግድ ነው። ሰብስብ ዜሮ የተባለ እንደሆነ አስተርጓሚው ከክምሩ ምንም ሳይነካ አንድ ባዶ ዝርዝር ማስቀመጥ አለበት። ለአባቴ ይህን ሳወራ የዚያን ቀን እትዬ ንፍሮ የላኩበት ሳህን ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ልመልሰው ብል አባቴ አስቀርተውኛል፤ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፣ ቆሎ ቁዪበት ብለው። ይህን ደንብ እኛ ቤት የማያውቅ የለም። አባቴ በጣታቸው ሳህኑን አሳዩኝ።

«ሰብስብ ተብሎ የተላከ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ እንዳሉት አድርጌ ጻፍኩት፤ አስተርጓሚው መጀመሪያ አንድ ያነሣል፣ ከዚያ በቃኝ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ካልበቃው ይደግማል። ቀልዱም አማረኝ፣ ኮዱም አጠረልኝ። ባዶ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ሲመጣ አስተካክለዋለሁ አልኩ። የእትዬ ሳህን ቆሎ ሞልቶበት ሄደ።

የአባቴ ፕሮግራም በየደቂቃው አንድ ዙር ይሠራል። ከሁሉ በፊት አንድ ቁጥር ይጭናል፤ ሐኪሟ አባትሽ ይህን ያህል ካላቸው ደህና ናቸው ያለችኝን ቁጥር። ለሳምንቱ ግራፍ ማመሳከሪያ እንዲሆነኝ ነው ከሥር ያስቀመጥኩት። በላዩ ላይ ከጣታቸው የመጡትን ንባቦች ይጭናል፣ በመጡት ልክ ሰብስብ ይላል፣ ከዝርዝሩ ትንሹን አውጥቶ ከአደጋው ወሰን ጋር ያስተያያል። ዙሩ ሲያልቅ ክምሩ ተጠርጎ እንደገና ይጀመራል። በዚህ ውስጥ የሚያስፈራ ነገር አልታየኝም፤ እኔ እንኳ ፈሪዋ።

በመጀመሪያው ሰሞን አንድ ቀን ቱቦው ከአፍንጫቸው ተንሸራቶ ማሽኑ ጮኸ። ግቢው ታመሰ። እትዬ በአንድ እግራቸው ጫማ ደረሱ፣ ማዶ ያሉት ተከራዮች ከነሳሙና እጃቸው መጡ፣ እኔም ከፒያሳ እያለከለክሁ ገባሁ። አባቴ በሰው ተከበው ቱቦው ተመልሶላቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙሽራ ያስመስላቸዋል። አፈሩ። ቀኑን ሙሉ ቀና ብለው ሰው አላዩም። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ እንዲህ ከጮኸልኝ ምን እሆናለሁ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ንዝር ባለ ቁጥር ሸጋ ነው እያለኝ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራ ሥራ መዋል ጀመርኩ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

ነገሩ የሆነበት ቀን ጠዋት ሆዴን ባር ባር አላለውም። ዘመኔን ሁሉ በከንቱ ስፈራ ኖሬ፣ ለዋናው ቀን ደህና ሆኜ ወጣሁ። አባቴ ቁርሳቸውን ቀመሱ እንጂ አልበሉም። ምነው ብላቸው፣ ሸጋ ነኝ፣ ሂጂ አይረፍድብሽ አሉኝ። መቆንጠጫውን ጣታቸው ላይ አይቼ፣ ቱቦውን አቃንቼ ወጣሁ።

ክፍል ውስጥ የማስተምረው ይህንኑ ሰብስብን ነበር። እኩሌታው ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ሞተ፤ እንዲህ ሲሆን ልማዳችን ነውና ተማሪዎቹ ወንበራቸውን እየጎተቱ ላፕቶፔን ከበቡ። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላዬን ጭኜ ሰበሰብኩላቸው። ከኋላ ቆማ አንገቷን የምታሰግግ አንዲት ልጅ፣ ምንም ሳንጭን ሰብስብ ዜሮ ብንለው ምን ይመልሳል ብላ ጠየቀች። ምንም ከሌለ ምን ልትሰበስቢ ነው ብዬ ቀለድኩባት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ምንም አለመኖሩንስ ፕሮግራሙ በምን ያውቃል አለችኝ።

እንግዲያው እንየው ብዬ ባቄላን ብቻ ጫንኩ። በላዩ ሰብስብ ዜሮ አልኩ። ባዶ ዝርዝር መምጣት ነበረበት፤ ባቄላው ደግሞ ከሥር ሳይነካ መቀመጥ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ዝርዝር ግን በውስጡ ባቄላ አለበት። ከሥር ምንም የለም።

«መምህር፣ የሌላ ሰው ወሰደ» አለች ልጅቷ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ከንፈሬን ከፍቼ ነበር። ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። ንባብ የማይኖረው መቼ ነው? መቆንጠጫው ጣት ላይ ካልሆነ ነው። መቆንጠጫው ከወለቀ የሚጫን ንባብ የለም፣ ሰብስብ ዜሮ ይባላል፣ አስተርጓሚዬ ግን ባዶውን አይመለስምና ከሥር ያለውን ያነሣል። ከሥር ያለው የሐኪሟ ቁጥር ነው፤ ደህና ናቸው የሚለው ቁጥር። ከዝርዝሩ ትንሹ እሱ፣ ትልቁም እሱ። ጣት ባይኖርበትም፣ ሰው ባይኖርበትም፣ አባቴ ባይኖሩበትም ያ ማሽን ደህና ናቸው ይላል። 

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ንዝር አለ። አወጣሁት። ሸጋ ነው ይላል።

እንደዚያን ቀን ደግ ቃል አስፈርቶኝ አያውቅም። መብራቱ ፒያሳ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ማራኪም ይጠፋል። መብራት ከጠፋ የአባቴ ማሽን ቆሟል ማለት ነው፤ ማሽኑ ከቆመ ኦክስጅናቸው እየወረደ ነው፤ እየወረደ ከሆነ መጮህ አለበት፤ አልጮኸም። ወይ ማራኪ መብራት አለ፣ ወይ መቆንጠጫው ጣታቸው ላይ የለም። ደወልኩላቸው፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ለእትዬ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ተማሪዎቹ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ላፕቶፔንም ቦርሳዬንም ትቼ ስልኬን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ማራኪ የሚሄደው ሚኒባስ ገና አልሞላም፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ይጠራል። ለሁሉም ወንበር እከፍላለሁ፣ ንዱት ብለው ሾፌሩ የለም፣ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል አለኝ። ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ባለባጃጁ መልኬን አይቶ ዋጋ አልተከራከረም። «ምነው እህቴ፣ ሰው ታመመብሽ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

መንገዱን ሁሉ ሱቅ ሱቁን አያለሁ። በራቸው ላይ ጄኔሬተር ሲያጓራ ካየሁ እዚያ መብራት የለም ማለት ነው። አንዱ ጋ ያጓራል። ቀጥሎ ያለው ጨለማ ውስጥ ነው። ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሴቶች ፎጣ እንደጠመጠሙ ወጥተው መብራት ይጠብቃሉ። ማራኪ ስንቃረብ አንዲት አምፖል በርታ ባይ ብዬ ዓይኔ ቀላ። አንድም የለም።  ለቁስቋም ማርያም ተሳልኩ፤ ምን እንደማገባላት ግን መናገር አቃተኝ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ተረት መጥቶ ጆሮዬ ላይ ተቀመጠ፤ ባባርረው አይሄድም።

ስልኩን ጨብጬ፣ ጩህ፣ ጩህ እባክህ እለዋለሁ። ሳላስበው ድምፄን አውጥቼ ነው መሰለኝ ባለባጃጁ ዞር ብሎ አየኝ። ሲሠራ ጀምሮ እንዳይጮህ ስጸልይበት የነበረውን ማሽን፣ አሁን ጩህልኝ ብዬ እለምነው ጀመር። ቢጮህ አባቴ አሉ ማለት ነው፤ ጣታቸው እዚያ አለ፣ ደማቸው ይነበባል። ግቢያችን በር ላይ ስደርስ ንዝር አለ። ሸጋ ነው።

እትዬ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። በዚህ ሰዓት ምነው ልጄ አሉኝ። አባቴስ ብላቸው እጃቸውን ሳያቋርጡ፣ ደህና ናቸው፣ ማሽኑ እኮ አልጮኸም አሉ። እሳቸው ምን ያድርጉ? መብራት ቢጠፋም ዝም ካለ ደህና ናቸው ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

አባቴ አልጋቸው ላይ የሉም። ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው አልጋው ላይ ተደግፎ፣ አንድ እጃቸው የሲሊንደሩ መክፈቻ ላይ ተንጠልጥሎ። ያ ኩንታል ሲያነሣ የኖረ እጅ መክፈቻውን ማዞር አቅቶታል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ግን እኔን አላየኝም። መቆንጠጫው ብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ ተቆንጥጦ ተቀምጧል፤ ሰው በእጁ በጥንቃቄ እንዳስቀመጠው ያስታውቃል።

መክፈቻውን አዞርኩት። የሲሊንደሩን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ አደረግሁ። አባቴ አልኳቸው፤ አልመለሱም። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግን እንደሰለቸው ሰው ነው። መቆንጠጫውን ከብርድ ልብሱ ነቅዬ ጣታቸው ላይ አደረግሁት። ጣታቸው ቀዝቃዛ ነው። ጥቂት ቆየና ማሽኑ ግቢው እስኪናወጥ ጮኸ። ስልኬም አብሮ ጮኸ። እትዬ ምስሩን በትነው ደረሱ፤ ዝጊው እንጂ፣ ጆሯቸውን እኮ ነው አሉኝ። አልዘጋሁትም። እውነቱን የተናገረው ያኔ ብቻ ነውና ይናገር ብዬ አባቴን አቅፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ምን ያህል እንደጮኸ አላውቅም። ከንፈራቸው ቀስ በቀስ መልክ ያዘ። ዓይናቸው ክፍሉን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። ማሽኑ ማንም ሳይነካው በራሱ ዝም አለ፤ ወዲያው ስልኬ ንዝር አለች። ሸጋ ነው። አለቀስኩ፤ እትዬም ምን እንደሚያስለቅሰኝ ሳይገባቸው አብረውኝ አለቀሱ።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። አባቴን ከትራስ ከፍ አድርጌ አስተኛኋቸው፣ ላፕቶፔን አንዱ ተማሪ አምጥቶልኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። የሆነውን ነገርኳቸው። ባዶ ሲሰበሰብ ከሥር ያለውን እንደሚያነሣ፣ ከሥር ያለው የደህናው ቁጥር እንደሆነ፣ መቆንጠጫው ከወለቀ ማሽኑ ለዘላለም ሸጋ ነው እያለ እንደሚኖር። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ሳላየው ቀረሁ እያልኩ ራሴን እረግማለሁ። አባቴ ጣሪያውን ያያሉ።

«አውቀዋለሁ» አሉ።

ምኑን አልኳቸው።

«ሳወልቀውም እንደማይጮህ፣ ሸጋ እንደሚል። ያን ቀን ጮኾ ሰው ከሰበሰበብኝ በኋላ ነው የደረስኩበት።»

 ቀስ እያሉ፣ በየመሀሉ ትንፋሽ እየወሰዱ ነገሩኝ። ደረታቸው ሲከብዳቸው ያወልቁታል። ደህና ሲሆኑ ይመልሱታል። ማለት ሲብስባቸው ነበር የሚያወልቁት። እኔ ያን ሁሉ ሰሞን ደስ ብሎኝ ስውል፣ ከፒያሳ እየሳቅሁ ስመለስ፣ ምናልባት ያቺ ሸጋ ነው ስትደርሰኝ እሳቸው እዚህ አልጋ ላይ ብቻቸውን ትንፋሽ ሲያሳድዱ ነበር። ምነው፣ ምነው አባቴ አልኩ። 

«አንቺ ፈሪ ነሽ» አሉኝ። «እሱ በጮኸ ቁጥር እንጀራሽን ጥለሽ ስትሮጪ ልይ? ሰው ሲጠይቀኝ ሸጋ ነኝ እላለሁ፤ ማሽኑም የኔን አመል ከያዘ ምን አለበት ብዬ ነው።»

አባቴን በዕድሜዬ ተቆጥቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ተቆጣሁ። ብትሞቱብኝስ አልኳቸው፤ ሞታችሁ ሳለ ሸጋ ነው እያለኝ ቆሜ ሳስተምር ብውልስ? ማታ እየሳቅሁ ስገባ ባገኝዎስ? አንቱታዬ ተምታታብኝ፣ ድምፄ ግቢውን አልፎ ሄደ። እትዬ ከደጃፋቸው ልጄ ቀስ በይ ሲሉ ሰማሁ። አባቴ አንድም ነገር አልመለሱልኝም። ዝም አይነቅዝም የሚባለውን ያምኑበታል። እኔ ግን ነቅዞ ያየሁት ያን ዝምታ ነው።

ተቀምጬ ኮዱን አስተካከልኩት። ብዙም ሥራ አልነበረውም፤ የሁለት መስመር ቦታ ማለዋወጥ ነው። አስተርጓሚው መጀመሪያ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ነው የሚያነሣው፤ ምንም ካልተባለ ምንም አይነካም፣ ባዶውን ባዶ ብሎ ያስቀምጣል። ለአባቴ ፕሮግራም ደግሞ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ሸጋ እንዳይል፣ እንዲጮህ አደረግሁት። መቆንጠጫውን ከጣታቸው ነቅዬ ሞከርኩት። ጮኸ። አባቴ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ የጎረቤት ሳህን ባዶውን የመለስኩ ያህል ነው ያዩኝ። መልሼ አደረግሁላቸው፤ ዝም አለ።

የኦክስጅኑ ማሽን ያንኮራፋል። የሚጮኸውን ማሽን አስተካክያለሁ። የሚቀረው አንድ ነው፤ እሱን በኮድ የማስተካከል ሙያ የለኝም። ላፕቶፑን ዘጋሁና ፊቴን ወደሳቸው አዞርኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ስጠይቃቸው የኖርኩትን ጥያቄ፣ መልሱን አስቀድሜ የማውቀውን፣ እንደ አዲስ ጠየቅኋቸው። እንዴት ነዎት አባቴ?

አፋቸው የለመደውን ሊል ተከፈተ። ከዚያ ተዉት። ጣታቸው ላይ ያለውን መቆንጠጫ አዩት፣ ሲሊንደሩን አዩት፣ የቅድሙን ወለል አዩት። ዓይናቸው ውስጥ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር፤ መስታወት ላይ ግን በየቀኑ አየዋለሁ፣ የራሴ ነው።

«ፈርቻለሁ» አሉ። «ከመጣሁ ጀምሮ ፈርቻለሁ።»

አይዞዎት ማለት ነበረብኝ። ብል ግን ሸጋ ነው እንደማለት ይሆንብኝ ነበር። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ወጣሁና ትከሻቸውን ተደግፌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እኔም» አልኳቸው።